ክፍላችን ውስጥ የከሰረው ባንክ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ልጆቹ የሚያወሩት የአክሲዮን ጨዋታ ምንድን ነው?" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። አንዱ ተማሪ የሰሌዳውን ፎቶ ለቆት ነው መሰለኝ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ያዙ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የ1929 የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ውድቀት ነው። እኔ ያስተማርኳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል ያለው ምዕራፍ ውስጥ ብዙ ቦታ አይሰጠውም። "ገበያው ወደቀ፣ ባንኮች ተዘጉ፣ ሥራ አጥነት ተስፋፋ።" በቃ። ተማሪው "ጥቁር ማክሰኞ" የሚለውን ሸምድዶ ፈተና ላይ ይከብባል። ድሮ ይህ ብዙም አያስጨንቀኝም ነበር፤ አክሲዮን አይቶ የማያውቅ ልጅ ምን ይሁን ብዬ። አሁን ግን ነገሩ ተለወጠ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀምሯል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር በስልክ ሲሸጥ ነበር። ክፍሌ ውስጥ አባቱ በቴሌብር አክሲዮን የገዛ ልጅ አለ። ስለዚህ 1929 ሩቅ አገር የሆነ የሩቅ ዘመን ወሬ መሆኑ ቀርቷል።

መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ። በ1920ዎቹ አሜሪካ መኪና፣ መብራት፣ ሬዲዮ በየቤቱ እየገባ ነው። እውነተኛ እድገት ነበር፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ችግሩ ዋጋው ከእድገቱ ቀድሞ መሮጡ ነው። የአሜሪካ ሬዲዮ ኮርፖሬሽን አንድ አክሲዮን በ1928 መጀመሪያ 85 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ 420 ደረሰ። ካምፓኒው እስከዚያ ድረስ ለባለአክሲዮኖቹ አንድ ሳንቲም የትርፍ ድርሻ ከፍሎ አያውቅም። ታዲያ ሰው ለምን ገዛው? ነገ ሌላ ሰው በበለጠ ዋጋ ይገዛኛል ብሎ ነዋ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ብድሩ ነው። ገዢው ከዋጋው የተወሰነውን ብቻ ከኪሱ ያወጣል፣ ቀሪውን ደላላው ያበድረዋል፣ ደላላው ደግሞ ከባንክ ይበደራል። መጻሕፍት ብዙ ጊዜ "10 በመቶ ብቻ ከፍለው ይገዙ ነበር" ይላሉ። እውነቱ ከደላላ ደላላ ይለያይ ነበር፤ በ1929 መኸር ላይ ብዙዎቹ ከ40 በመቶ በላይ መጠየቅ ጀምረው ነበር። ግን ለሂሳቡ 10 በመቶ ይመቻል። 100 ብር አለህ፣ 900 ተበደርክ፣ የ1000 ብር አክሲዮን ገዛህ። ዋጋው 10 በመቶ ከጨመረ 1100 ሆነ፤ ዕዳህን ስትከፍል 200 ተረፈህ፤ ገንዘብህ እጥፍ ሆነ። 10 በመቶ ከቀነሰ ግን 900 ሆነ፤ ዕዳህም 900 ነው። ባዶ እጅህን ቀረህ። ይሄን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ሁሉም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። መነቅነቅና መግባት የተለያዩ ናቸው፤ ጨዋታውን ያመጣሁት ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ብር ቆረጥኩ፣ ፊርማዬን አደረግሁበት። (ሁለት ልጆች ፊርማዬን አስመስለው ብር አትመዋል። ስማቸውን አልናገርም፣ እነሱ ግን ያውቁታል።) 40 ልጆች ነጋዴ ሆኑ፤ ለእያንዳንዳቸው 20 ብር ሰጠሁ፣ እስከ 180 ብር መበደርም ፈቀድኩ። አራት ልጆች ደላላ፣ አንዷ ባለባንክ፣ አንዱ ደግሞ ዋጋ ጸሐፊ። ለባንኩ 5000 ብር ካፒታል ሰጠሁት። ቀሪዎቹ 10 ልጆች አክሲዮን ውስጥ የሉበትም፤ ገበሬ፣ አስተማሪ፣ ጡረተኛ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 100 ብር ባንክ አስቀምጠው ተቀመጡ። ሁለት ክፍለ ጊዜ አያይዤ ወሰድኩ።

ሦስት ካምፓኒ ነበረ፤ አንዱ ሬዲዮ፣ አንዱ ብረት። ሦስተኛው ምን እንደሚሠራ አልነገርኳቸውም። በ1720 ለንደን ውስጥ "ትልቅ ትርፍ ያለው ሥራ፣ ሥራው ግን አይነገርም" ብሎ አክሲዮን ስለሸጠ ሰው የሚተረክ አለ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች እውነትነቱን ይጠራጠሩታል፣ እኔ ግን ልሞክረው አልኩ። የሁሉም መነሻ ዋጋ 10 ብር። በየዙሩ የመግዣና የመሸጫ ወረቀት ይቆጠራል፤ ገዢ በስንት ከበለጠ ዋጋው በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ሻጭ ከበለጠ ይቀንሳል። ከዚህ ውጪ እኔ ምንም ዜና አላወራሁም። ጦርነት የለ፣ አዲስ ፈጠራ የለ፣ ምንም።

ሬዲዮ 14 ገባ። ከዚያ 22፣ 34። በሰባተኛው ዙር 52 ሆነ። ክፍሉ መርካቶ መሰለ፤ የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን ከፍቶ አይቶኝ ተመለሰ። ሁልጊዜ ዝም የሚል ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ "ሬዲዮ! ሬዲዮ!" ይላል። ምን እንደሚሠራ ያልተነገረው ካምፓኒ ከብረቱ በልጦ 40 ገብቷል። "ቲቸር፣ ይሄ ግን ምንድን ነው የሚያመርተው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዚህ ድረስ አንድ እንኳ የለም።

በስምንተኛው ዙር ላይ አንድ ልጅ ሰዓቱን አይቶ፣ ለጓደኛው ብቻ፣ "ሊደወል ነው እኮ፣ ብሩን እንያዝ" አለው። በቃ። 52 የነበረው 38 ሆነ። ደንባችን ዕዳው ከአክሲዮኑ ዋጋ ከበለጠ ደላላው ቀምቶ ይሽጠው ይላል፤ ስለዚህ አራቱ ደላሎች መቀማት ጀመሩ። እነሱ በሸጡ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ በወረደ ቁጥር ሌላ ሰው ይቀማል። ሦስት ልጆች ተማክረው "እኛ እንገዛለን!" ብለው ጮኹ፤ ዋጋው ሦስት ብር ከፍ አለ፣ ለአንድ ዙር። ከዚያ 19። ከዚያ 7። ዋጋ ጸሐፊው ሊደርስበት አልቻለም፤ ሰሌዳው 41 እያለ ደላሎቹ ጋ በ19 ይሸጣል። አንዲት ልጅ ሰሌዳውን አይታ ሀብታም ነኝ ብላ ቁጭ ብላለች፣ ከስራለች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት የእውነተኛው ታሪክ ቅርጽ ስለሆነ ነው። ኦክቶበር 24 ቀን 1929፣ ሐሙስ፣ በአንድ ቀን ወደ 12.9 ሚሊዮን አክሲዮን ተሸጠ። ዋጋ የሚያትመው ማሽን ከገበያው ሰዓታት ወደኋላ ቀርቶ ስለነበር ሰው መክሰሩን የሚያውቀው ማታ ነው። ባንኮች ገንዘብ አዋጡ፤ የገበያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ዊትኒ ወለሉ ላይ ወጥቶ የዩኤስ ስቲልን 10,000 አክሲዮን ከገበያው በላይ በ205 ዶላር እገዛለሁ አለ። ገበያው ለጊዜው ተረጋጋ። ሰኞ ወደ 13 በመቶ፣ ማክሰኞ ወደ 12 በመቶ ወደቀ፤ ማክሰኞ የተሸጠው 16.4 ሚሊዮን ነው። ዊትኒ ያኔ ጀግና ተብሎ ነበር፤ በ1938 የሰው ገንዘብ አጉድሎ ታሰረ። የዳው ጆንስ መለኪያ በሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 ከነበረበት 381 ተነስቶ በጁላይ 1932 ወደ 41 ወረደ። ወደ ድሮው ቦታው የተመለሰው በ1954 ነው። 25 ዓመት! የዚያን ቀን የተወለደ ልጅ አግብቶ ሊወልድ ይችላል።

ከጨዋታው በኋላ ልጆቹ ያን "ሊደወል ነው" ያለውን ልጅ ሊበሉት ደረሱ። "አንተ ነህ ያከሰርከን!" እኔ የምፈልገው ክርክር እዚህ ነው የተጀመረው። በ1929ም እንዲሁ ሮጀር ባብሰን የሚባል ሰው በሴፕቴምበር 5 "ውድቀት ይመጣል" ብሎ ተናግሮ ገበያው በዚያው ቀን ቀነሰ፤ ብዙ ተሰደበ። ለንደን ውስጥ የክላረንስ ሃትሪ ማጭበርበር በዚያው ወር መውጣቱንም የሚጠቅሱ አሉ። የኔ እምነት፣ ሣሩ ከደረቀ ክብሪቱን ማን ጫረው ማለት ትንሽ ጥያቄ ነው። 40 ልጅ በብድር ቆሞ እያለ አንዱ ዝም ቢል ሌላው ይናገር ነበር። አንዳንዶቻችሁ በዚህ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፤ እዚህ ሥር ተከራከሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ነጋዴዎቹ ሲስቁ ሲናደዱ፣ ባለባንኳ ሳጥኑን ቆጠረች፤ 340 ብር ቀርቷል። ለቆጣቢዎቹ መመለስ ያለባት 1000 ነው። ወሬው ሲሰማ 10ሩ ተሰለፉ፣ ተጋፉም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት 100 100 ብራቸውን ይዘው ሄዱ፣ አራተኛው 40 ደረሰው፣ ስድስቱ ምንም። ከስድስቱ አንዷ መጽሐፏን እያነበበች አንድም አክሲዮን ሳትገዛ የቆየች ልጅ ናት። እኔን እያየች "ቲቸር፣ እኔ ምን አደረግሁ?" አለች። በወረቀት ብር ነው፣ ግን ድምጿ የወረቀት አልነበረም። ክፍሉ ጸጥ አለ።

1929ን ስናስተምር የምንስተው ይህን ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ በደላሎች ዘንድ ሒሳብ የነበረው ሰው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ከ120 ሚሊዮን ሕዝብ። ሚሊየነር ከፎቅ ዘሎ ሞተ የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው፤ ጋልብሬዝ የሚባለው የኢኮኖሚ ምሁር ቁጥሮቹን አይቶ፣ በዚያ ውድቀት ወራት ራስን ማጥፋት ከቀደመው በጋ እንኳ ያነሰ እንደነበር ጽፏል። የሞተው ነገር ሌላ ነው። ከ1930 እስከ 1933 ወደ 9,000 ባንኮች ከሰሩ፤ ሁሉም በአክሲዮን አይደለም፣ ብዙዎቹ ለገበሬ ያበደሩ የገጠር ባንኮች ነበሩ። የተቀማጭ መድን የለም። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ ፈት ነበር። ጦሱ አሜሪካ ላይም አልቆመም። የቡና ዋጋ ወድቆ ብራዚል ከ1931 ጀምሮ ቡናዋን በጆንያ እያቃጠለች ነበር፤ የእኛም ቡና የሚሸጠው በዚያው ገበያ ነው። "ቡና አቃጠሉ?" ብለው ያላመኑኝ ልጆች ነበሩ፤ ቡና ለቃሚ ቤተሰብ ያላት አንዷ ግን አመነች።

አንድ ወላጅ ደውለው "ልጄን ቁማር አስተማርክብኝ" ብለውኛል። አክብሬ ሰማኋቸው። ልጃቸው ሬዲዮን በ50 ብር ገዝቶ የከሰረው መሆኑን ነገርኳቸው፤ ትንሽ ዝም ብለው "እሺ፣ እንኳን ወረቀት ሆነ" አሉ። በዚያው ሳምንት የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን ሥራ ላይ ያለ፣ ቴሌግራም ላይ "በወር እጥፍ ይሆናል" ለተባለ ነገር የዕቁብ ዕጣውን ላስገባ ወይ ብሎ ጽፎልኛል። እኔ የገንዘብ አማካሪ አይደለሁም፣ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። "ምንድን ነው የሚያመርተው?" ብዬ መለስኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

ሌላኛው ክፍል በሚቀጥለው ሳምንት ይጫወታል። ያቺ "ምን አደረግሁ" ያለችው ልጅ ባለባንክ ልሁንላቸው ብላ ለምናኛለች፤ ፈቀድኩ። የራሷን ደንብ በደብተር ቅዳጅ ጽፋ አመጣችልኝ። ማንም ከዋጋው ግማሽ በላይ አይበደርም። የቆጣቢዎች ብር ለብቻው ሳጥን ይቀመጥ፣ ለአክሲዮን ብድር አይሰጥ። ሦስተኛው ካምፓኒ ምን እንደሚሠራ ሳይናገር አክሲዮን አይሸጥም። አሜሪካኖቹ ከውድቀቱ በኋላ በ1933 እና በ1934 ካወጧቸው ሕጎች ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አልነገርኳትም፤ ምዕራፉ እዚያ ገና አልደረሰም። ነጋዴዎቹ ከአሁኑ "ጨዋታውን አበላሸችው" እያሉ ነው። ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይታያል።