የንጉሥ ቹላሎንግኮርን ቤተሰብ
ኤዶዋርዶ ጄሊ፣ የዘይት ቀለም፣ እ.ኤ.አ. 1899

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ፎቶግራፍ እያየ የሲያምን፣ የዛሬዋን ታይላንድ፣ ንጉሥ ከአንዲት ንግሥትና ከአምስት ወንዶች ልጆች ጋር ሥሏል። ንጉሡ ግን በርካታ ሚስቶችና ከ70 በላይ ልጆች ነበሯቸው። ታዲያ ሥዕሉ ማስመሰያ ነው የሚል አይጠፋም። ለአውሮፓ ዓይን መታሰቡ ያስታውቃል፤ ፈረንሳይ በ1893 የጦር መርከቦቿን እስከ ባንኮክ አስገብታ ከሜኮንግ ማዶ ያለውን ግዛት ነጥቃ ነበርና። ይሁን እንጂ ንጉሡ የጀመሩትን የአስተዳደር ለውጥ የተሸከመው ከሥዕሉ ውጭ የቀረው ዘመድ ነው። ከ1892 በኋላ የአገር ግዛት ሚኒስቴርን ልዑል ዳምሮንግ፣ የውጭ ጉዳይን ልዑል ዴቫዎንግሴ መሩ፤ ሁለቱም የንጉሡ የአባት ልጆች ናቸው (ዴቫዎንግሴ የንግሥቲቱም ወንድም ነበሩ)። የተሣሉት ልጆችም ለጌጥ ብቻ አልተቀመጡም፦ ቻክራቦንግሴ ሩሲያ ተልከው ውትድርና ተማሩ፤ ቫጂራቩድ ከእንግሊዝ ተመልሰው በ1910 ነገሡ።