ሐዲዱና የመተሐራ ውሃ

በቀድሞው ባቡር ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሁሉ መተሐራ አጠገብ ሐዲዱ ከሐይቅ ዳር ሲያልፍ አይቷል። ያ ሐይቅ በሰቃ ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ ግን ውሃው ትንሽ ነበር።

ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1909 ዓ.ም. ነው። መተሐራ ያኔ የከረዩዎች ግጦሽ ነው። አዋሽ በክረምት ሞልቶ ሜዳውን ያለብሳል፤ ሲጎድል ሣሩ ይበቅላል፤ በበጋ ከብቱ ወርዶ ይበላዋል። ባቡሩ ይኸን ወዲያው አልነካውም። ብቻ ቆላውን ከወደብ ጋር አገናኘው፤ ሜዳውም ለትልልቅ እርሻ የሚፈለግ ሆነ።

በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ አልቆ ወንዙ ተገራ፤ ዓመቱን ሙሉ ማጠጣት ተቻለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመተሐራ ስኳር ተከተለ። ለከረዩ ግን ግድቡ ሙላቱን፣ ሸንኮራው ደግሞ መሬቱን ወሰደበት።

ታዲያ ውሃ ወደ ማሳ ሲገባ መውጫም ይፈልጋል። ከአዋሽ ጣቢያ በታች፣ በአሚባራ የጥጥ እርሻ፣ ማጠንፈፊያ ቦይ በጊዜው ስላልተሠራ ውሃው ከሥር እየተነሣ መሬቱን ጨው አለበሰው። በ1970ዎቹ ነው ቱቦ መቅበር የተያዘው።

በሰቃ ደግሞ በተፈጥሮው መውጫ የለውም። በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው፣ ኋላ ከ40 በላይ ሆነ። ምክንያቱ ባለሙያዎችን ያከራክራል፤ ገሚሱ ከመሬት ሥር የሚመጣውን ፍል ውሃ፣ ገሚሱ ከአባዲር እርሻ የሚሰርገውን የመስኖ ትርፍ ይላል። ለእኔ ሁለቱም አሉበት፤ መስኖው ግን በሰው እጅ ያለ ስለሆነ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሐይቁ ግጦሽ ዋጠ፤ ነዋሪ አፈናቀለ፤ ሐዲዱንና የመኪናውን መንገድ ስለደረሰባቸው በአፈር እየደለደሉ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ባቡር ያመጣው እርሻ ውሃውን መልሶ ባቡሩ ላይ አመጣው ማለት ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሐይቁ ውሃ በቦይ ወደ አዋሽ እየተለቀቀ ነው። ውሃው ጨዋማ፣ ፍሎራይዱም የበዛ በመሆኑ በልክ ነው የሚቀላቀለው፤ ከታች ያለው ሕዝብና ከብት ከአዋሽ ይጠጣልና። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡርም በዚሁ በመተሐራ በኩል ያልፋል።