የጦርነት ሕግና የአስፈጻሚው ጥያቄ፦ ከ1936 በኋላ ያሉ የኢትዮጵያ ሰነዶች

የጦርነት ሕግ ከወረቀት አያልፍም የሚሉ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያን በምስክርነት መጥራት ይወዳሉ። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝ የሚከለክለውን የ1925 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1928 አጽድቃ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ያንኑ ጋዝ ረጨች። የመንግሥታቱ ማኅበርም አላስቆማትም።

ራይነር ባውደንዲስቴል በ1998 ባሳተመው ጥናት የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ ልዑኩን ማርሴል ዡኖን የመሰለ የዓይን እማኝ እያለው ለመንግሥታቱ ማኅበር መረጃ መንፈጉን በጥንቃቄ አሳይቷል። በዚህ አልሞግተውም። የምሞግተው ትረካውን 1936 ላይ መግታቱን ነው፤ እዚያ ላይ ሲቆም ሕጉ በጉልበት ተረትቶ የቀረ ይመስላል።

የፍርድ ሚኒስቴር ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ያቀረባቸው ሰነዶች በሁለት ቅጽ ታትመዋል፤ የሚያገላብጣቸው ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የጣሊያኖቹን የራሳቸውን ቴሌግራሞች ይዟል። ጁን 5 ቀን 1936፣ አዲስ አበባ ከተያዘች ከወር በኋላ፣ ሙሶሊኒ የተማረኩ «ዐመፀኞች» ሁሉ እንዲረሸኑ የጦር አዛዡን ግራዚያኒን አዘዘ፤ በጁን 8 ደግሞ አንኮበር ላይ እንደገጠመው ባለ ጊዜ ጋዝ እንዲጠቀም ፈቀደለት። አርበኛው «ዐመፀኛ» ተብሎ ከምርኮኛ መብት ወጣ። ሕጉ ከንቱ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ማምለጫ ማበጀት ለምን አስፈለገ?

ጋዙ ጣሊያናዊው አብራሪ ሚኒቲ ስለተገደለ የተወሰደ አጸፋ ነው የሚለው መከላከያ አያራምድም፤ ሚኒቲ የሞተው በ1935 ዲሴምበር ማብቂያ፣ የሙሶሊኒ ፈቃድ ለግራዚያኒ የደረሰው ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ነው። ጋዙ ጦርነቱን አልወሰነም የሚሉም አሉ፤ ፕሮቶኮሉ መጠቀምን እንጂ ማሸነፍን አልከለከለም።

ዋናው ማስረጃ ግን የ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል ነው። አንቀጽ 38 የኢጣሊያ ተጠያቂነት ለኢትዮጵያ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ እንዲቆጠር ይደነግጋል፤ አንቀጽ 45 በጦር ወንጀል የተከሰሱትን አሳልፋ እንድትሰጥ ያስገድዳታል። ሕግም፣ ሰነድም፣ ኢትዮጵያ ያቀረበችው የ10 ሰዎች የስም ዝርዝርም ነበር፤ የጎደለው አስፈጻሚ ነው። የለንደን መዛግብት ገና ሌላ ነገር ሊያሳዩ ይችሉ ይሆናል፤ እስካሁን በታወቀው ግን ኢትዮጵያ የጦር አዛዦቹ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ተላልፈው እንዲሰጧት ስትጠይቅ እጇን የሰበሰበችው ብሪታንያ ነች። ግራዚያኒን በ1950 የአገሩ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈርዶበት በወራት ውስጥ ተለቀቀ፤ ክሱም ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ እንጂ ኢትዮጵያ ውስጥ የፈጸመው አልነበረም።