ያላዩት ሕፃን ሐዘን፤ ሞቶ የተወለደ ልጅ የገጠማቸው እናቶች የመረዳዳት ታሪክ

ምትኩ፣ ካሳ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች በአዋላጅነት ሙያ ለተሰማራን ሁሉ እንግዳ አይደሉም። ከእነዚህ ስሞች በስተኋላ አስቀድሞ የሞተ ሰው አለ፤ አንዳንድ ጊዜም ሟቹ ትንፋሽ ሳይኖረው የተወለደ፣ ክርስትና ያልተነሣ፣ ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሕፃን ነው። ስም የወጣው ለተከታዩ ልጅ እንጂ ለእርሱ አይደለም። ለእናቲቱም የሚሰጣት ማጽናኛ «እግዚአብሔር ሌላ ይተካልሻል» የሚል ነው።

እንዲህ ያለው ምክር በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ሕክምና እጅግ በተራመደባት በብሪታንያም እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ድረስ ሐኪሙም አዋላጇም ይህንኑ ይናገሩ ነበር። እዚያ የነበረው ልማድ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ የለወጡትስ እነማን እንደ ሆኑ መመርመር ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚጠቅም መስሎ ስለታየኝ ነው ይህን መጻፌ።

በዚያ ዘመን ሞቶ የተወለደ ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልሎ ወዲያውኑ ከማዋለጃው ክፍል ይወጣ ነበር። እናቲቱ አታየውም፤ ብዙ ጊዜም ማስታገሻ መድኃኒት ይሰጣታል። ቀብሩን ሆስፒታሉ ያስፈጽማል፤ ብዙ ወላጆችም ሥፍራውን ሳያውቁ ይቀራሉ። ይህ ሁሉ የተደረገው በጭካኔ ሳይሆን፣ ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ያላየችውን አታዝንለትም በሚል ቅን አስተሳሰብ ነው። ስሕተቱን ያስረዘመውም ይኸው ቅንነት ይመስለኛል፤ ጭካኔ ቢሆን ኖሮ ተቃዋሚው ቶሎ በተገኘ።

በለንደን በታቪስቶክ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ስታንፎርድ በርን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ጥናት እናቶቹን ብቻ ሳይሆን ሐኪሞቻቸውንም የሚነካ ነበር። የቤተሰብ ሐኪሞችን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን ሲያነጻጽሩ፣ ሞቶ የተወለደ ልጅ የገጠማትን እናት የሚያክሙት ሐኪሞች ስለ ታካሚያቸው ለማወቅም፣ ለማስተዋልም፣ ለማስታወስም ወደ ኋላ የሚሉ ሆነው አገኟቸው። እንግዲህ ከሐዘኑ ይሸሹ የነበሩት ጎረቤትና ዘመድ ብቻ አልነበሩም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዝምታውን በአደባባይ የሰበሩት እናቶቹ ራሳቸው ናቸው። ጋዜጠኛዋ ቤል ሙኒ እ.ኤ.አ. በ1975 ወንድ ልጃቸው ሞቶ ከተወለደ በኋላ፣ በ1976 በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ሐዘናቸውን ጻፉ። ተመሳሳይ ሐዘን ከደረሰባቸው ከማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ ከሄዝላን ልዊስ ጋር በመሆንም በ1978 ዛሬ ሳንድስ ተብሎ የሚጠራውን ማኅበር መሠረቱ። በአሜሪካም በ1977 በኢሊኖይ ስፕሪንግፊልድ ሼር የተባለ ተመሳሳይ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ፅንስ ለተጨናገፈባቸው ደግሞ በብሪታንያ በ1982 ሌላ ማኅበር ተመሠረተ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሐዘኑ ቀድሞ የደረሰባት እናት አዲስ ሐዘንተኛዋን በአካል ወይም በስልክ ታነጋግራለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ታዳምጣለች። ለቅሶ መድረስ ለሚያውቅ ለእኛ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዕድርተኛው ለእንዲህ ያለው ሞት ድንኳን ሲተክል ግን አላየሁም።

ከእነዚህ ጭውውቶች የተገኘው ዕውቀት ቀስ በቀስ ወደ ማዋለጃው ክፍል ገባ። ሳንድስ በ1991 ለባለሙያዎች የሥራ መመሪያ አወጣ። በ1992 የወጣው ሕግ ደግሞ ሞቶ የተወለደ ሕፃን የሚመዘገብበትን የእርግዝና ዕድሜ ከ28 ሳምንት ወደ 24 ዝቅ አደረገ። ከዚያ በፊት በ27ኛው ሳምንት ሞቶ የተወለደ ሕፃን ከመዝገብ አይገባም ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሕፃኑን ማየትና ማቀፍ የተለመደ አሠራር ከሆነ በኋላ፣ በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ ሕፃናቸውን ያቀፉ እናቶች በሚቀጥለው እርግዝና የበለጠ የመንፈስ ጭንቀት እንደታየባቸው ገለጸ። ጥናቱ 65 እናቶችን ብቻ የያዘ ስለነበረ ብርቱ ክርክር አስነሣ። በእኔ አስተያየት የክርክሩ ፍሬ ነገር እናቲቱን ለማየት ማስገደድም ሆነ እንዳታይ መከልከል አንድ ዓይነት ስሕተት መሆኑ ነው፤ በሁለቱም የምትወስነው እርሷ አይደለችም።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የወለዱት ብሪታንያውያን እናቶች ዛሬ በእርጅና ላይ ይገኛሉ። ከእነርሱም መካከል ከብዙ ዓመታት በኋላ በሳንድስ እየተረዱ፣ የመቃብር መዛግብትን እያስገለጡ፣ አንድ ቀን እንኳ ያላዩት ልጃቸው የት እንደተቀበረ ያስፈለጉ አሉ።