ገመደ እና ጐመደ

በአማርኛ በአንዲት ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ግሦች አሉ። ገመደ ማለት ክርን ከክር፣ ቃጫን ከቃጫ ጋር አክርሮ አንድ ማድረግ ነው፤ ገመድ የሚለው ስም የዚህ ልጅ ነው። ጐመደ ደግሞ ቆርጦ መጣል ነው፤ ጉማጅ የምንለው የግንድ ቁራጭ ከዚህ ይወጣል። የጥንቱ አጻጻፍ ገን ከጐ ጠንቅቆ ስለሚለይ ሁለቱን ከአንድ ሥር ለማዋለድ መሞከር አያስኬድም። በሥራ ግን ይገናኛሉ። በቤት ጣራና በኤሌክትሪክ መስመር መካከል የቆመ ዛፍ ሲወርድ ጐማጁ ያለ ገመድ ያዡ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ መንካት የለበትም።

ሐዋሳ ውስጥ ባህል አዳራሽ የሕንፃም የክፍለ ከተማም ስም ነው። አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ሲካሄድ የሚነገረውን አማርኛ ልብ ብሎ ላዳመጠ፣ የገመድ ቋንቋ ነው። ሪፖርቱ ማነቆ ያነሣል፣ ተናጋሪው ስለ ውጥረት ያስረዳል፣ ውሳኔው ትስስርን ያጠናክራል፣ ምልመላም ይካሄዳል። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ከተማዪቱን ያለመለሙት ዛፎች ቆመዋል፤ ሲያረጁ ወይም ሲያዘነብሉ የሚያወርዳቸው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የሚፈልጋቸው ቃላት ሁሉ ወደ አዳራሹ ገብተው ምሳሌያዊ ሆነዋል። ወደ ዛፉ ሥር መመለስ አለባቸው እላለሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያልጠራ ቃል ሰው ይገድላልና።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ወጠረ ነው። ግዕዙ ወተረ ይላል፤ ቀስትን ደገነ፣ ጅማቱን ሳበ ማለት ነው። በዕብራይስጥ የቴር፣ በዓረብኛ ወተር የቀስት ጅማት ወይም የመሰንቆ ክር ነው። የሚገርመው፣ ዓረብኛም እንደኛ ከዚሁ ክር ተነሥቶ ተወቱር ሲል የፖለቲካና የመንፈስ ውጥረት ማለቱ ነው። ዛፍ ቆራጭ ዘንድ ግን ውጥረት ዛሬም ጅማት ነው። ናይለን ገመድ ሲወጠር ይለጠጣል፤ በተለጠጠ መጠን ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲበጠስ ያንን ጉልበት በአንዴ ወደ ኋላ ይተፋዋል። ስለዚህ በተወጠረ ገመድ መስመር ላይ አይቆምም፣ በላዩም አይታለፍም።

ሳበ ከግዕዙ ሰሐበ የመጣ ነው፤ ሐ ስትዋጥ ሰ ወደ ሳ ረዘመች። ዕብራይስጡም ዓረብኛውም ሰሐበን መጎተት ይሉታል፤ ዓረብኛ ደመናን ሰሓብ የሚለው ነፋስ ስለሚጎትተው ነው ይላሉ የቋንቋው ሊቃውንት። እኛ ከዚያው ሥር የመሬት ስበትን ወልደናል፣ ሰዋስዋችንም ተሳቢን ወስዷል። ዛፍ ሲጣል ሁለቱ ስበቶች ይፎካከራሉ፤ መሬት ዛፉን ወደሚያዘነብልበት ትስበዋለች፣ ሰው ደግሞ ወደ ባዶው ስፍራ ይስበዋል። የሰው ጉልበት እንዲያሸንፍ ገመዱ ከፍ ብሎ መታሰር አለበት፤ ከታች የታሰረ ገመድ ብዙ ሰው ቢጎትተውም ግንዱን እምብዛም አያዘነብለውም። ደግሞም መጋዙ ሳይጨርስ በኃይል የተሳበ ግንድ ቁመቱን ይሰነጠቅና ቆራጩን ይመታል።

መጋዙ ሳይበጥሰው የሚተወው ቀጭን እንጨት፣ ከግንዱ ውፍረት 1/10 ያህል የሚሆነው፣ ማጠፊያ ነው። እንደ በር ማጠፊያ ዛፉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያጠፈ ያወርደዋል። ቃሉ ከአጠፈ፣ በግዕዝ ከዐጸፈ ነው፤ ዐጸፈ ማጠፍም መደረብም ነው፤ እጥፍ የሚለው ቁጥርም ከዚያው ወጥቷል። ይህ ዝምድና ገመድ ለሚያስር ሰው ከባድ ነገር ይነግረዋል። 50 ኪሎ የሚመዝን ጉማጅ ከላይ በታሰረ ፑሌጃ በኩል ሲንጠለጠል፣ ከታች ያለው ሰው ለመያዝ ሌላ 50 ኪሎ ይስባል። ፑሌጃው የታሰረበት ቅርንጫፍ የሚሸከመው እንግዲህ ወደ 100 ኪሎ ነው። ገመዱ ሲታጠፍ ሸክሙም ታጠፈ። ይህን ያላወቀ ሰው ጉማጁን ብቻ መዝኖ በደካማ ቅርንጫፍ ይተማመናል፤ ጉማጁ በድንገት ሲወድቅና ገመዱ ሲያስቆመው ደግሞ ሸክሙ ከዚያም ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ፑሌጃ ራሱ የጣሊያን ስጦታ ነው። ሲባጎም፣ ካቮም፣ ቺንጊያም እንዲሁ ከጋራዥና ከግንባታ ሥራ ጋር ገቡ። የአገሩ ስሞች ግን የቆዩ ናቸው። መጫኛ ከጫነ፣ በግዕዝ ከጸዐነ ወጥቶ፣ የአጋሰሱን ጭነት የሚያስረውን ረጅም ጠፍር ሰየመ። ጠፍር ደግሞ የተጎነጎነ ቆዳ ነው፤ ዓረብኛ ሹሩባን ደፊራ ሲል በዚሁ ሥር ነው የሚናገረው። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል ገደል በዚያ ጠፍር ላይ ይንጠለጠላል፤ በአገራችን ነፍስን ለገመድ አደራ የመስጠት ልማድ በግልጽ የሚታይበት ስፍራ እርሱ ይመስለኛል። ሐብል በግዕዝ ወፍራም ገመድ ነበር፤ አማርኛ ወርቅ አድርጎ አንገት ላይ አሰረው። ቀላድም ገመድ ነው፤ 66 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ የደቡብን መሬት ጋሻ በጋሻ ለመሸንሸን የተጣለ፤ ሕዝቡ ስሙን ሲሰማ የሚያስበው ገመዱን ሳይሆን የተወሰደበትን ርስት ነበር፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ።

ሲዳማዎች ዌሴ ከሚሉት እንሰት ቆጮው ሲፋቅ ቃጫ ይቀራል፤ ጥሩ ገመድ ይወጣዋል። ለአጥርና ለቤት ማሰሪያ የታመነ ነው። ሰው ለማንጠልጠል ግን እርጥበት የጠጣ የቃጫ ገመድ አይታመንም፤ ውስጡ በስብሶ ላዩ ደህና ይመስላል።

ማነቆ ከአነቀ ነው፤ ግዕዙ ኀነቀ፣ ዕብራይስጡ ሐነቅ፣ ዓረብኛው ኸነቀ። በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ሥራን የሚያግድ ሁሉ ማነቆ ሆኗል፣ ሁልጊዜም መፈታት አለበት። በዛፍ ላይ ግን ማነቆ ተፈላጊ ነው፤ ጉማጁ ሲከብድ እየጠበቀ የሚሄደው ሸምቀቆ ሸክሙን አያስመልጥም። ክፉ የሚሆነው በሰው ወገብ ላይ ሲውል ብቻ ነው፤ ለዚያ የማይጠብቅ ቋጠሮ አለ። ቋጠሮ ሁሉ ደግሞ የገመዱን ጥንካሬ ይቀንሳል፣ ሲሶውንና ከዚያም በላይ የሚወስድ አለ። መለመለም ከዛፍ ወጥቶ ወታደር መረጣ ሆነ፤ ቅርንጫፍ እየለየ ያራገፈው ቃል ሰው እየለየ ያስቀራል።

አንድ የሚያስፈራ ጥንድ ቀርቷል። ላላና ጠበቀ የገመድ ቃላት ናቸው፤ መምህራን አንድ ፊደል ላልቶ ወይም ጠብቆ ይነበባል የሚሉት ከዚያው ተውሰው ነው። ፊደላችን ግን መጥበቁን አይጽፍም። ጠብቅ! ቆይ፣ እንዳትነካ ማለት ነው፤ ብ ይጠብቃል። አጥብቅ! ገመዱን ሳበው ማለት ነው፤ ብ ይላላል። በሞተር መጋዝ ጩኸት ውስጥ የመጀመሪያዋ አ ብትዋጥ፣ ከ10 ሜትር ከፍታ የተነገረው ትእዛዝ ተቃራኒው ሆኖ መሬት ይደርሳል። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው፤ ሳይሰማሙ የሚወሰን ነገር የለም። ገመድ የያዘም የሰማውን ቃል ጮክ ብሎ ሳይመልስ እጁን ባያንቀሳቅስ ደግ ነው።

ለማጥበቅ ወጥር ይባል፤ ለማቆየት ቁም። ቀስ በቀስ ለማውረድ አላላ። ልቀቅ የሚለው ቃል ጉማጁ መሬት ከነካና ሰው ሁሉ ከተነገረው በኋላ ካልሆነ በቀር ከማንም አፍ አይውጣ።