ርስት፣ ጉልትና የፎገራ ሜዳ፤ የጥንት የመሬት ስጦታዎች ያወረሱን ክርክር

«በሺህ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ» የሚለው አባባል በመሬት ሙግት ውስጥ ከተከራካሪ አፍ የማይጠፋ ነው። አባባሉ መብቱን ለተነጠቀ ሰው መጽናኛ ቢሆንም አንድ ታላቅ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚመሰክረው ማን ነው? የሚመሰክረውስ በምንድን ነው? በብራና ነው፣ በትውልድ ቆጠራ ነው፣ በግብር ደረሰኝ ነው ወይስ በይዞታ ደብተር?

በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፎገራ ሜዳና በወረታ አካባቢ ታሪክ እንመረምራለን። ሜዳው በየዘመኑ ነገሥታት የሰጡትን፣ መንግሥታት የነሡትንና ገበሬው በልማድ ይዞ ያቆየውን የመሬት መብት ሁሉ ያስተናገደ ነው። ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርትም ለማኅበራችን አባላት የዕለት ሥራ የሚጠቅም ነው ብለን እናምናለን።

ሜዳውና ነገሥታቱ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አገር ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በየክረምቱ ደለል እየጫኑ ይወርዱበታል፤ ሞልተውም ይተኙበታል። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ሣሩም የታወቀውን የፎገራ ከብት ይመግባል። የወረታ ከተማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ስለ ተቆረቆረች የዚህ ሁሉ ምርት መውጫ በር ናት።

እንዲህ ያለ ለምለም አገር ከቤተ መንግሥት ዓይን ሊሰወር አይችልም። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠሩ። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም በቆጋና በአሪንጎ ከረሙ። ከሐይቁ ማዶ በጎርጎራ ደግሞ ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ለኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ስፍራ ሰጡ። ከሚስዮናውያኑም እጅግ የታወቀው በ1614 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ያረፈው ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ነበር። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል በነገሡ ጊዜ የአባቶች ሃይማኖት ተመለሰ፤ ሚስዮናውያኑም ከአገር ተባረሩ፤ ያገኙት መሬትም ከእጃቸው ወጣ። ስጦታ በሰጪው ሥልጣን ልክ እንደሚኖርና ሥልጣኑ ሲያልፍ እንደሚናወጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የጉልትና የርስት ልዩነት

የክርክሩን ሥር ለመረዳት ሁለቱን ቃላት መለየት ያስፈልጋል። ጉልት ንጉሡ ለመኳንንት፣ ለወታደር ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላትና ባላገሩን የመዳኘት መብት ነው። ርስት ግን ገበሬው ከአቅኚ አባቱ በትውልድ የሚያገኘው አፈሩን የማረስ መብት ነው። ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ ጉልተኛና ርስተኛ የሚባሉ ሁለት ባለመብቶች አንዱ ሌላውን ሳይሽረው ሊኖሩ ይችሉ ነበር። በሁለቱ መካከል ደግሞ ርስተ ጉልት የሚባል ጉልቱ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍበት፣ ሪም የሚባል ለካህናትና ለደብተሮች የተደለደለ መሬት ነበረ። በተለይ ሪም በጎንደር ዘመን ሲወረስ፣ ሲሸጥና ሲለወጥ የኖረ ነው።

ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚቆጠር በመሆኑ አንድ ሰው በአያቶቹና በቅድመ አያቶቹ በኩል በብዙ ቀበሌ መብት ሊጠይቅ ይችላል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት አድርጎት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሁሉም ሰው ከሚያርሰው የበለጠ የመጠየቅ መብት ነበረው። ልዩነት የሚያመጣው ትውልዱን አጥርቶ መቁጠር፣ ሽማግሌና ምስክር ማቆም፣ እንዲሁም በችሎት ፊት አንደበተ ርቱዕ መሆን ነበር። የ«በላ ልበልሃ» ሙግት በአገራችን እንደ ጥበብ ያደገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ብዙውን ጊዜ መሬት ነው።

የዚህ ሥርዓት መልካም ገጽ ሴት ልጅን ከውርስ አለመከልከሉ ነው። ክፉ ገጹ ደግሞ ከትውልድ ሐረጉ ውጭ የቆሙትን ሁሉ መከልከሉ ነው። ሙስሊሞች፣ ቤተ እስራኤል፣ ሸማኔና አንጥረኛ የሆኑ ወገኖች በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ እያረሱ ይኖሩ ነበር። በሺህ ዓመቱ የሚመለስላቸው ርስት አልነበራቸውምና አባባሉ ለእነርሱ አልተነገረም።

ብራናው የጻፈውና ያልጻፈው

የጉልት ስጦታ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ፣ በተለይም በወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ነበር። በጽሑፉ የሰጪው ስም፣ የመሬቱ ስም፣ በዚያን ጊዜ በሹመት ላይ የነበሩ መኳንንት ስም ይሰፍራል። በመጨረሻም ስጦታውን የሚያፈርስ ሁሉ የተወገዘ እንዲሆን ይታዘዛል። በሽያጭ ጊዜ ደግሞ ዋጋው፣ ዋሱና ምስክሩ ይገባበታል። በዘመኑ ከዚህ የሚልቅ መዝገብ አልነበረም፤ ውግዘቱ ማኅተም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቤተ መዝገብ ነበሩ። ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ በልጃቸው በዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ስም አገር የመሩት እቴጌ ምንትዋብ ለደብረ ፀሐይ ቍስቋም የሰጡት የመሬት ድልድል ከእነዚህ መዛግብት መካከል ከፍ ያለ ስፍራ አለው። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክራሚም የጎንደርን የመሬት ታሪክ በስፋት የጻፈው እነዚህን ኅዳጎች በማንበብ ነው።

ነገር ግን መዝገቡ የተጻፈው ለማን እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። ብራናው የሚመልሰው ከዚህ መሬት ግብር የሚበላው ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ ነው። ማሳውን የሚያርሰው ማን እንደ ሆነ፣ ድንበሩ ከየት እስከ የት እንደሚዘልቅ፣ ክረምት ከብቱ የት እንደሚወጣ፣ በጋ የት እንደሚሰማራ በአብዛኛው አይናገርም። ይህ ሁሉ በገበሬው ትዝታና በሽማግሌዎች ምስክርነት ውስጥ ነበረ። የኋለኛው ዘመን ክርክር አንድ ትልቅ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ጉልትን የሚመሰክር ጽሑፍ የርስት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ግብር የመብላት መብት አፈሩን ወደ መያዝ መብት ይለወጣል፤ ያልተጻፈለት ገበሬም እንዳልነበረ ይቆጠራል።

መዝገቡ ራሱም ከጥፋት አልዳነም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ለአገልጋይ ካህናት ከሚበቃው በላይ የሆነውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ለመንግሥት አደረጉ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ተዘረፈች፤ መጻሕፍቷም ወደ መቅደላ ተጋዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹን ወሰደ። ስለዚህ የጎንደርን አካባቢ መሬት የሚመለከቱ ኅዳጎች ከፊሎቹ ዛሬ የሚነበቡት ለንደን ላይ ነው።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ

ይህ ዓይነት ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። የስፔን ነገሥታት፣ ከእነርሱም በኋላ የሜክሲኮ መንግሥት በዛሬው ኒው ሜክሲኮ ለግለሰቦችና ለመንደሮች መሬት ሰጥተው ነበር። ለመንደር በተሰጠው ስጦታ ነዋሪው ቤትና እርሻ ለየራሱ ይይዛል፤ ግጦሹና ደኑ ግን የጋራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል አገሩ በአሜሪካ እጅ ሲገባ የነባሩ ሕዝብ ንብረት እንደሚከበር ቃል ተገብቶ ነበር። ነገር ግን ስለ መሬት ስጦታዎች በግልጽ የሚናገረውን አሥረኛውን አንቀጽ የአሜሪካ ሴኔት ሰረዘው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጉዳዩን የሚመለከት ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳንዶቫል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ የጋራው መሬት የመንደሩ ሳይሆን የቀድሞው መንግሥት ነበረ፤ ስለዚህ አሁን የአሜሪካ መንግሥት ነው አለ። ገበሬው ቤቱና ማሳው ቀረለት፤ ከብቱን የሚያሰማራበትን ግን አጣ። ቂሙም ሰባ ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1967 በቲዬራ አማሪያ የፍርድ ቤት ሕንፃ ላይ በተነሣው የትጥቅ ግርግር ፈነዳ።

ከዚህ ምሳሌ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። መንግሥት ሲለወጥና አዲስ የማስረጃ ሥርዓት ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠፋው የጋራ መሬት ነው። በልማድ የተያዘ እንጂ በአንድ ሰው ስም የተጻፈ አይደለምና።

ከግብር አዋጅ እስከ መሬት አዋጅ

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የግብር ሕጎች ገበሬው ግብሩን በቀጥታ ለመንግሥት እንዲከፍል አደረጉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 ለአሥራ አምስት ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት ይሆናል ሲል ደነገገ፤ በልማድ የአንድ ቤተሰብ የሆነውን መሬት ግን ከዚህ አወጣ፤ የቤተሰቡም አባል መብቱን በማናቸውም ጊዜ ሊያስከብር እንደሚችል ገለጸ። የጥንቱ አባባል በዘመናዊ ሕግ ቋንቋ እንደ ገና የተጻፈ ያህል ነበር። በ1958 ዓ.ም. ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት በሕግ ቀሩ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎረቤታችን ጎጃም አመጸ። ገበሬው ከገንዘቡ ይልቅ የፈራው ልኬታውን ነበር፤ ገመድ ከተጣለ ርስት ይጠፋል የሚል ሥጋት ነበረው። መንግሥትም የቆየውን ውዝፍ ግብር እስከ መሰረዝ ደረሰ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውንም ከአሥር ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥና መለወጥን ከለከለ። ርስት በሕግ ፊት በዚያች ቀን አከተመ። ትውልዱን ቆጥሮ ይከራከር ለነበረው ይህ ኪሣራ ነበር፤ ትውልድ ላልነበረው ጭሰኛና የእጅ ባለሙያ ግን የመጀመሪያው የመሬት መብት ሆነለት። ሁለቱን በአንድነት የማያይ ታሪክ ጎደሎ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 16/1989 መሬት እንደ ገና ተሸነሸነ። በቀድሞው ሥርዓት በቀበሌ ሹመት የነበሩ «ቢሮክራት» ተብለው መሬታቸው ከአራት ጥማድ እንዳይበልጥ ተደረገ። በሹመት የተገኘ መሬት ሹመቱ ሲያልፍ መነጠቁ በዐፄ ፋሲል ጊዜ የታየውን ያስታውሳል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር መታደል ተጀመረ። በታሪካችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው መዝገብ የሚጠይቀው ግብር የሚበላው ማን ነው? ሳይሆን የሚያርሰው ማን ነው? የሚል ሆነ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው።

ሩዝና የወል መሬት

በዚሁ ዘመን የፎገራ ሜዳ ዋጋ ተለወጠ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ በደራው ጅግናና በፎገራው ሻጋ የሩዝ እርሻ ተሞከረ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሩዝ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ይወዳልና ቀድሞ ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረው ረግረግ ለእርሻ ተፈለገ። ወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ከተማ ሆነች፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በእርሷ ተቋቋመ። ብልጽግናው እውነት ነው፤ ብዙ ቤትም ቆርቆሮ ለብሷል።

ይሁን እንጂ ማረሻው የገባው ባዶ መሬት ላይ አይደለም። እንደ ሸሸርና ወለላ ባሉ ረግረጎች ዙሪያ የነበረው መሬት የከብት ማሰማሪያ፣ የሣር ማጨጃና የወፎች መጠለያ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹም ብዙ ናቸው። አንዱ ገበሬ ከዳር አንድ ትልም ቆርሶ ሲጨምር ጎረቤቱ ዝም አይልም፤ እርሱም ይጨምራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የታረሰው ሁሉ በይዞታ ስም ሊመዘገብ ይቀርባል። ያን ጊዜ ደብተሩ የሚያርሰው ማን ነው? ብሎ ሲጠይቅ ትክክለኛ መልስ ያገኛል፤ ነገር ግን በጋ ከብቱን ያሰማራ የነበረውን አልጠየቀውም። ብራናው ገበሬውን ሳይጽፍ እንደ ቀረ ሁሉ ደብተሩም እረኛውን ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል።

የክልሉ የመሬት ሕግ የወል ይዞታን ያውቃል፤ በተጠቃሚው ማኅበረሰብ ስም ሊመዘገብም ይችላል። ጉድለቱ ያለው በአሠራሩ ቅደም ተከተል ላይ ነው። የግል ማሳ ባለቤቱ ራሱ ደብተሩን ስለሚፈልግ ቶሎ ይለካል፤ የወል መሬት ግን የሁሉም ስለ ሆነ የሚያስለካው የለም። ስለዚህ በማናቸውም ቀበሌ ልኬታ ሲጀመር የወሉ ድንበር ከግሉ በፊት መቆም ይገባዋል። የተጠቃሚዎቹ ስምና የአጠቃቀሙ ወራት በመዝገቡ ሊሰፍሩ፣ ጎርፍ ሲያልፍ ድንበሩ የሚታወቅበት ምልክትም ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ከአንደበታቸው ሊወሰድ ያስፈልጋል። በችሎትም ቢሆን አንድ ሰነድ ሲቀርብ እውነተኛነቱን ብቻ ሳይሆን ስለ ምን ጉዳይ እንደ ተጻፈ መጠየቅ የባለሙያ ግዴታ ነው። እውነተኛ ሰነድ ባልተጻፈበት ጉዳይ ላይ ምስክር ከሆነ ከሐሰተኛው ባላነሰ ይጎዳል።

የጥንቱ መዝጋቢ መዝገቡን ያስከብር የነበረው በውግዘት ነው። የዛሬው የሚያስከብረው በሕግ ነው። ሕጉ ግን በመዝገቡ ላይ ያላገኘውን ሰው ሊያስከብር አይችልም። የፎገራ ገበሬ ጉልተኛውንም፣ ገመድ ጣዩንም፣ ሸንሻኙንም አሳልፎ እዚህ ደርሷል። አሁን የሚቀረው ከብቱን የሚያሰማራበት ሜዳ ከማሳው ጋር አብሮ እንዲጻፍለት ነው።