ካናዳ ሊ፦ ከቡጢ ሜዳ እስከ ትያትር መድረክ

የአንድ ተዋናይ ታላቅነት ሁልጊዜ በያዘው ሚና ስፋት አይለካም። አንዳንዱ ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ቆይታው የዘመኑን ማኅበራዊ ግጭት ገልጦ ያልፋል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ መድረክና ሲኒማ የታየው ጥቁር ተዋናይ ካናዳ ሊ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1907 በኒው ዮርክ ሲወለድ ስሙ ሌናርድ ላየነል ኮርኔሊየስ ካነጋታ ነበር። በልጅነቱ ቫዮሊን ተማረ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከቤት ኮብልሎ የውድድር ፈረስ ጋላቢ ሆነ፤ ሰውነቱ ሲገዝፍም ወደ ቡጢ ስፖርት ዞረ። እንደሚነገረው አዲሱን ስሙን ያገኘው የግጥሚያ አስተዋዋቂው የቤተሰቡን ስም ማንበብ ስለተሳነው ነው። በግጥሚያ ያረፈበት ምት ዓይኑን ስለጎዳው እ.ኤ.አ. በ1933 ስፖርቱን ተወ። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና፣ በሃርለም ሥራ ሲፈልግ ከተዋንያን መምረጫ ፈተና ላይ ደርሶ ትያትርን ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1936 መንግሥት ለሥራ አጥ ባለሙያዎች ባቋቋመው የፌዴራል ትያትር ፕሮጀክት ሥር፣ ኦርሰን ዌልስ «ማክቤዝ»ን በጥቁር ተዋንያን በላፋየት ትያትር ሲያዘጋጅ ሊ ባንኮን ሆኖ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ በዚሁ አዘጋጅ መሪነት፣ ከሪቻርድ ራይት ልቦለድ በተወሰደው «ኔቲቭ ሰን» ትያትር ቢገር ቶማስን ሆኖ ቀረበ። በፍርሃትና በቁጣ ተወጥሮ ወደ ወንጀል የሚያመራውን ወጣት ሲጫወት፣ ተመልካቹ ወንጀለኛውን ብቻ ሳይሆን ወንጀሉን የወለደውን ኑሮም እንዲመለከት አስገደደ።

ሲኒማው ግን ለጥቁር ተዋናይ ጠባብ በር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በአልፍሬድ ሂችኮክ «ላይፍቦት» ውስጥ የተሰጠው የመርከብ አስተናጋጅነት ሚና ነው። የጀልባዋ ተሳፋሪዎች ድምፅ ሲሰጡ የእርሱ ገጸ ባሕርይ እኔም ድምፅ አለኝን ብሎ ይጠይቃል፤ አነስተኛ ብትመስልም የአገሪቱን የመምረጥ መብት ጥያቄ የምታስታውስ ንግግር ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 በ«ቦዲ ኤንድ ሶል» የተጎዳ ቡጢኛ ሆኖ ሲጫወት ግን ከራሱ ሕይወት የቀዳው ሥቃይ በገጽታው ላይ ይነበባል።

የቀዝቃዛው ጦርነት ጥርጣሬ ሲበረታ የዘር መድሎን በግልጽ ይቃወም የነበረው ሊ ከጥርጣሬው አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1949 በአንድ የስለላ ክስ ችሎት በቀረበ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰነድ ስሙ ተነሣ። ኮሚኒስት አለመሆኑን በአደባባይ ቢናገርም የሥራ በሮች ተዘጉበት።

የመጨረሻው ፊልሙ ከአሜሪካ ውጭ የተሠራው «ክራይ፣ ዘ ቢላቭድ ካንትሪ» ነው። በዘር መድሎ በታሰረችው ደቡብ አፍሪካ ሲቀረጽ፣ ሊና ወጣቱ ሲድኒ ፖይቴ የገቡት የዳይሬክተሩ የውል አገልጋዮች ተብለው እንደነበር ፖይቴ በኋላ ተርኳል። ልጁን ፍለጋ ወደ ከተማ የሚወርደውን ሽማግሌ ቄስ የተጫወተው ተዋናይ፣ ፊልሙ የሚያወግዘውን ውርደት ከካሜራው ውጭም ተሸከመ።

ካናዳ ሊ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1952 በ45 ዓመቱ አረፈ። በ«ቦዲ ኤንድ ሶል» ዋናውን ሚና የተጫወተውና እንደእርሱ የተሳደደው ጆን ጋርፊልድም በ12 ቀን ልዩነት ተከተለው። ጥቁር መዝገቡ የባለሙያን እንጀራ መንጠቅ ቻለ፤ በፊልም የቀረውን ፊትና ድምፅ ግን ሊሰርዝ አልቻለም።